አንገቴ ላይ የከረመው ሉል

አክስቴ፣ የእናቴ ታናሽ፣ ባሕሬን ለብዙ ዓመት ሠርታ ስትመለስ ይዛው የመጣችው ውድ ነገር አንድ የሉል ሐብል ብቻ ነበር። የምታስታምማቸው አሮጊት ሴት ከመሞታቸው በፊት በገዛ እጃቸው አንገቷ ላይ አድርገውላታል። ላሊበላ ውስጥ ትንሽ የልብስ ሱቅ ከፍታ ተቀመጠች። ሐብሉን ግን እኔ እስክታጭ ድረስ ለማንም አላሳየችም።

ሠርጌ ሲቃረብ ቤቷ ጠራችኝና ሁለት ሐብሎች አልጋ ላይ ዘረጋች። አንደኛው ከወልዲያ ገበያ የተገዛ ነው፤ ነጭ፣ የሚያብረቀርቅ፣ ፍሬው ሁሉ እኩል። ሌላው ወተት ላይ ጥቂት ማር ጠብ ያለበት ይመስላል፤ አንዳንዱ ፍሬም ጠመም ያለ ነው። ምረጪ ስትለኝ የሚያብረቀርቀውን አነሣሁ። ሳቀችና ሁለቱንም ጥርሴ ላይ እንድፈትጋቸው ነገረችኝ። የገበያው ያንሸራትታል፤ የእሷ ደቃቅ አሸዋ እንዳለበት ነገር ይሻክራል። የባሕሩ ሉል የሚለየው በዚህ ነው አለችኝ።

አያያዙንም የዚያን ቀን አስተማረችኝ። ሽቶና ቅባት ያበላሸዋል፤ ስለዚህ ስለብስ መጨረሻ ላይ፣ ሳወልቅ ደግሞ መጀመሪያ እሱ ይሁን። ሳወልቀው በለስላሳ ጥጥ ልጥረገው። ክሩ እንዳይረግብ እንዳልሰቅለው፣ ፌስታል ውስጥም እንዳላፍነው አስጠነቀቀችኝ። "ሣጥን ውስጥ ሲከርም ይደርቃል፤ የሰው ገላ ይወዳል። ለሠርግሽ አውሼሻለሁ፤ ከአሁኑ አድርጊው" ብላ አንገቴ ላይ አሰረችልኝ። መቆለፊያው አጠገብ ክሩ ሳስቷል፤ ከፍላቂት ከተማ ስትመለስ እንደምትቀይርልኝ ነገረችኝ። ወደ ፍላቂት የምትሄደው ለቅሶ ለመድረስ ነበር፤ ለሦስት ቀን።

በሁለተኛው ቀን መንገዱ ተዘጋ። ከዚያ ስልኩ ጠፋ፣ መብራቱ ሄደ፣ የታጠቁ ሰዎችም ከተማውን ሞሉት።

ቤት ውስጥ እናቴና እኔ ብቻ ነበርን። ሠርግ የሚባለውን ነገር ሁለታችንም አናነሣውም። እጮኛዬ ከከተማው ከወጣ ሰንብቷል፤ በሕይወት ይኑር አይኑር አላውቅም። ያኔ የማውቀው ነገር ቢኖር ሐብሉ የእኔ አለመሆኑን ነው። መጀመሪያ የገብሱ ጎታ ውስጥ ቀበርኩት። ጎረቤታችን ቤት እህሉን ሳይቀር በእንጨት እየወጉ እንደፈተሹ ስንሰማ አወጣሁት። እናቴ ጓሮ እንቅበረው አለች። አዲስ የተቆፈረ አፈር ዓይን ይስባል፣ እርጥበቱም ይጎዳዋል ብዬ እምቢ አልኩ። መጨረሻ ላይ ከማተቤ ሥር አሰርኩት፤ ላዩ ላይ እስከ ጉሮሮዬ የሚቆለፍ ጥቁር ቀሚስ ለበስኩ፣ ነጠላዬንም እንደ ሐዘንተኛ ጠመጠምኩበት።

ስንት ቀን እንደዚያ እንደኖርኩ አልቆጠርኩም። ጠዋት ጠዋት ጥግ ይዤ ላቤን ከፍሬዎቹ ላይ እጠርጋለሁ። የሳሳውን ክር በጣቴ እነካዋለሁ፤ በየቀኑ የባሰ የቀጠነ ይመስለኛል። ቤት ውስጥ ስራመድ እንኳ አንገቴን ሳላዞር ነበር። ከደጅ የእግር ኮቴ በተሰማ ቁጥር ኮሌታዬን በእጄ እይዛለሁ።

አንድ ቀን ቀትር ላይ ሁለት የታጠቁ ሰዎች ሳያንኳኩ ገቡ። ስልክ አምጡ አሉን። ስልካችን ባትሪው ከሞተ ቆይቷል፤ እናቴ አውጥታ ሰጠቻቸው። አንደኛው ሣጥኑን መገልበጥ ጀመረ። ሌላው፣ ፂሙ ያደገ፣ ዓይኑ በእንቅልፍ እጦት የቀላ ሰው፣ ወደ እኔ ዞሮ ነጠላውን አውልቂ አለኝ።

ስስበው ዘርፉ ኮሌታዬ ሥር ገብቶ ሐብሉን ያዘው። የሳሳው ክር ብጥስ ሲል ተሰማኝ። ሐብሉ በደረቴ ላይ ቀዝቀዝ እያለ ወረደና መቀነቴ ላይ ቆመ። በየፍሬው መሐል ቋጠሮ ስለነበረ ሌላው አልተበተነም፤ ጫፍ ላይ ያለው አንዱ ፍሬ ብቻ ከቀሚሴ ሥር ወጥቶ ወለሉ ላይ ነጠረ። ድምፁ እስካሁን ጆሮዬ ውስጥ አለ። ተንከባሎ የሰውየው ጫማ አጠገብ ቆመ።

ጎንበስ ብሎ አነሣው። "ምንድነው ይሄ?"

ክንዴን መቀነቴ ላይ አጥብቄ ቆሜያለሁ። የመለሰችለት እናቴ ናት።

"ቁልፍ ነው ልጄ። የቀሚሷ ቁልፍ ነው።"

የቀሚሴ ቁልፎች ጥቁሮች ናቸው፤ አንድም የጎደለ የለም። ፍሬውን በሁለት ጣቱ አሽከረከረው። ከዚያ ቀሚሴን ከላይ እስከ ታች አየ። እንዳወቀ ገባኝ። አሁን ቀሚሱን አውልቂ ይለኛል ብዬ ዓይኔን ጨፈንኩ።

"ይስፉላት" ሲል ሰማሁ።

ዓይኔን ስገልጥ ፍሬው በእናቴ መዳፍ ላይ ነበር። ጓደኛው የአባቴን አሮጌ ሬዲዮ ብብቱ ሥር አድርጎ ወጣ፤ እሱም ተከተለው። ለምን እንደተወኝ እስከ ዛሬ አላውቅም። ሲወጡ መሬት ላይ ቁጭ አልኩ፤ እናቴ መቀነቴን ስትፈታልኝ እንኳ ክንዴ አልዘረጋ አለኝ።

መንገዱ ሲከፈት አክስቴ በጭነት መኪና መጣች። ከስታለች፤ ጫማዋ በሲባጎ ታስሯል። እየሮጥኩ ወጣሁና ገና ሳልስማት ሐብሉ ተበጥሷል አልኳት። የከረምኩት ያንን ቃል እየፈራሁ ነበር።

ኮሌታዬን ገልጣ አንገቴን በሁለት እጇ ዳበሰች፤ ቁስል የምትፈልግ ትመስል ነበር። "ሐብሉን ረስቼዋለሁ" አለች በመጨረሻ። "እኔ የከረምኩት አንቺን ቀብሬ ነው።" ከዚያ ደጃፉ ላይ ተቃቅፈን አለቀስን።

እጮኛዬም በደህና ተመለሰ። አክስቴ የሐር ክር ከአዲስ አበባ አስመጥታ፣ መስኮት ሥር ተቀምጣ፣ ፍሬዎቹን አንድ በአንድ እየቋጠረች ሰካችው። ድንኳን ሳንተክል፣ ዘመድ ብቻ ጠርተን ተጋባን። ሐብሉ ከነጩ ቀሚሴ ላይ፣ ከውጭ፣ ሁሉም እያየው ዋለ። እንዳማረብኝ ነገሩኝ። እኔ ግን የመኪና በር በኃይል በተዘጋ ቁጥር በእጄ እሸፍነው ነበር። አክስቴ ይህን አይታ ከእንግዶቹ መሐል ተነሣች፣ አጠገቤ ተቀመጠችና ያንን እጄን ያዘችው። እንግዳው እስኪበተን አልለቀቀችኝም።