በቃኝ ያስባለኝ ቀለበት

ማንኪያው ከልጄ እጅ አምልጦ የሳህኑን ጠርዝ ሲመታ እጄን ከገበታው ሰበሰብኩ። «በቃኝ» አልኩ። ልጄ ሳህኑን አየችው፤ ጎመኑም ምስሩም እንዳለ ነው፤ እንጀራው ከጫፉ ብቻ ተቆርሷል።

«እማዬ፣ ገና መቼ ጀመርሽና!»

ለእሷ ያልነገርኳትን ለእናንተ የምነግራችሁ እንድታዝኑልኝ አይደለም። የአንዲት ሴት ስም በደግነት ሲነሳ መስማት ስለሰለቸኝ ነው።

ሴትየዋ የአባቴ እህት ናት። ከሞተች ቆይታለች፤ መካነ ሰላም ውስጥ ግን እስከ ዛሬ «እጇ ሰፊ ነበር፤ ከቤቷ ሳይበላ የወጣ እንግዳ የለም» ይሏታል። እውነት ነው፤ እንግዳ ሳይበላ አይወጣም ነበር። እኔ ግን እንግዳ አልነበርኩም።

የእኛ ቤት ወደ ከላላ በኩል ነው። እዚያ ያለው ትምህርት ቤት ከፍ ያለ ክፍል ስላልነበረው አባቴ በበቅሎ አምጥቶ አክስቴ ዘንድ አስቀመጠኝ። አብሮኝ አንድ ጆንያ ጤፍና አንድ ቅል ቅቤ አወረደ፤ ከዚያም በኋላ ለገበያ በመጣ ቁጥር ባዶ እጁን አልመጣም። የምበላው የአባቴን እህል ነበር ማለት ነው። ያኔ እንዲህ ብዬ ማሰብ አላውቅም ነበር።

ገና በመጣሁ ሰሞን አክስቴ ጓዳ ጠራችኝ። «ሴት ልጅ እስክትጠግብ አትበላም። ሆዳም ተብለሽ ስሜን እንዳታስጠፊው። ቀለበቴን ስትሰሚ በቃኝ በይ» አለችኝ።

የምንበላው ከአንድ ሰፊ የብረት ትሪ ነበር፤ እሷ፣ ባሏ፣ ከቤቱ የማይጠፋው እንግዳ፣ ከጥግ በኩል እኔ። የወጡ እንፋሎት ፊቴን ሲመታው፣ የቅመሙ ሽታ አፌን በምራቅ ሲሞላው፣ ዓይኔ ከትሪው ላይ አልነበረም፤ ከእጇ ላይ ነበር። ወፍራም የብር ቀለበት ታደርጋለች። ጥቂት እንደጎረስኩ ቀለበቱ የትሪውን ጠርዝ ነካ ያደርገዋል። ቅጭል። ከእኔ በቀር ልብ የሚለው የለም።

«በቃኝ» እላለሁ።

«ኧረ ብዪ፣ በሞቴ! ምን በላሽና?» ትላለች ወዲያው፣ እንግዳው እንዲሰማ።

«ጠግቤያለሁ፣ እትዬ።»

«አያችሁልኝ? የወንድሜ ልጅ ጨዋ ናት፤ እንደ ዘንድሮ ልጆች ገበታ ላይ አትስገበገብም።»

እንግዳው ይመርቀኛል። ትሪው ሲነሳ የተረፈውን ራሷ ትከድነዋለች። እኔ ዕቃ ሳጥብ ከጠርዙ የቀረውን እየጠረግኩ፣ ቆሜ፣ ሳላላምጥ እውጠዋለሁ፤ አንድ ጆሮዬን በሩ ላይ አድርጌ። መብላት የተማርኩት እንደዚያ ነው።

ዛሬም የምበላው እንደዚያ ነው። ሰው ፊት ሁለት ጉርሻ፣ ከዚያ ጓዳ ገብቼ ቆሜ ዳቦ። ባለፈው ክረምት በስኳር በሽታ ምክንያት አንዷን የእግር ጣቴን ደሴ ሆስፒታል አስቆርጬ መጥቻለሁ። ስኳሩ ካልወረደ ቀጥሎ እግሩ ነው ብለውኛል ሐኪሞቹ። የምትከታተለኝ ነርስ ደግ ልጅ ናት፤ ወረቀት ላይ ሳህን ስላ ግማሹን በጎመን ሞላችልኝ።

«እማማ፣ ቁጭ ብለው፣ ቀስ ብለው ያላምጡ። ሆድዎ በቃኝ ሲልዎት ያን ጊዜ ያቁሙ።»

«ሆዴ እንደዚያ ብሎኝ አያውቅም» አልኳት።

«አይ እማማ፣ ጨዋታ ይችላሉ!» ብላ ሳቀች። እኔ አልቀለድኩም።

አንድ የገበያ ቀን አባቴ ከትሪው ቀረበ። አክስቴ ዶሮ ሠርታለት ነበር። ዛሬስ ቀለበቱ ዝም ይላል ብዬ ተስፋ አደረግኩ። ቅጭል አለ። እጄን አልሰበሰብኩም፤ አባቴን አየሁት። «ብዪ እንጂ» እንዲለኝ፣ ያን ብቻ ነበር የፈለግኩት። ቀለበቱ ደገመ፤ ጠንከር ብሎ።

«በቃኝ።»

አባቴ ጢሙን ጠረገና «እህቴ፣ ልጄን ሰው አደረግሽልኝ» አላት።

በቅሎዋን ሲስብ ከጎኑ እየሄድኩ እስከ ከተማው ዳር ሸኘሁት። ፀሐይ ዘቅዘቅ ብላለች፤ ነፋሱ የባሕር ዛፍ ሽታ ያመጣል። ለመንገድ የያዘውን የገብስ ቆሎ ከጨርቁ ፈታና ዘገነልኝ። አፌን ሞላሁ። ሳልውጠው ደግሞ ሞላሁ። ፍሬው ከከንፈሬ እየተንጠባጠበ መንገዱ ላይ ይወድቃል፤ የሚሰማኝ የጥርሴ ድምፅ ብቻ ነው። አባቴ እንደቆመ ያወቅኩት በቅሎዋ ስትቆም ነው።

«ቀስ ብለሽ ብዪ፣ ልጄ። ማንም አይወስድብሽም።»

ቀና ማለት አቃተኝ።

«አክስትሽ እስክትጠግቢ ታበላሻለች?» አለኝ።

አፌ ሙሉ ነበር። ራሴን ነቅንቄ መመለስ እችል ነበር፤ ግን የመጣው እንባ እንዳይወርድ ስታገል ጊዜው አለፈ። እሱም ብዙ አልጠበቀም። መንገዱን አየ፣ እኔን አየ፣ የቀረውን ቆሎ በነጠላዬ ጫፍ ቋጠረልኝ።

«አብሽሪ። ትምህርትሽን እስክትጨርሺ ነው።»

በቅሎዋ ላይ ወጣና ሄደ። አክስቴን ሰው ሁሉ እንዳያመሰግናት የምፈልገውን ያህል፣ አባቴ ምንም ሳያውቅ እንደሞተ ማሰብ እፈልጋለሁ። ግን አይቷል። አይቶ ነው የሄደው። ይህን ለማንም ተናግሬ አላውቅም።

አሁን ልጄ ምግቡን ልታሞቅልኝ ወጣች። ከኪሴ የገብስ ቆሎ አወጣሁ፤ ሁልጊዜ አይጠፋም። ነርሷ እንዳለችኝ ቁጭ ብዬ አንዷን ፍሬ አፌ ውስጥ አደረግኩ። ቀስ ብዬ አላመጥኳት። ጣፈጠችኝ፤ ያ መንገድ ሸተተኝ። ሆዴ በቃኝ እስኪል ጠበቅኩ፤ ሌላ ፍሬ ጨመርኩ፤ ጠበቅኩ። ከዚያ እጄ ከእኔ ቀደመ፤ የቀረውን ሳላላምጥ ዋጥኩት።

የልጄ ኮቴ ሲሰማ መዳፌ ባዶ ነበር። እንዳታየው ጨበጥኩት።