በቃ የተባለው ውሻችን

ዝናብ የመታው የእንሰት ቅጠል በሸተተኝ ቁጥር ያ ውሻ ይመጣብኛል፤ ሽታው የቅጠሉ ይሁን የእርጥብ ጸጉሩ ዛሬም መለየት አቅቶኛል። ጊዜው የጃንሆይ ጊዜ ነው። ቤታችን ከዲላ ዳር፣ ፊቱ መንገድ፣ ጓሮው የእማዬ እንሰትና ቡና ነበር።

ቡችላውን አባዬ በበልጉ ዝናብ ካፖርቱ ውስጥ ከቶ ከወናጎ አመጣውና «መብረቅ» ብሎ ስም አወጣለት። ግን ማን ጠርቶት! ሰው ባየ ቁጥር ዘሎ ደረት ላይ እየወጣ፣ ፊት እየላሰ፣ በደስታ ብዛት እዚያው እየሸና፣ ቤቱ በሙሉ «በቃ! ኧረ በቃ!» ሲለው ይውል ስለነበር ስሜ ይሄ ነው ብሎ ተቀበለ። ከዚያ ወዲያ «በቃ» ባሉት ቁጥር ተጠራሁ ብሎ ይብስበት ነበር። ታላቅ እህቴ ጥሩነሽ ብቻ ምንም ሳትናገር ጆሮውን እያሻሸች ታስተኛው ነበር፤ ማታም እኔና እሷ ከምንተኛበት መደብ ሥር ይተኛል።

ክረምት ሲገባ ውሻው የአንድ እንግዳን ነጭ ጋቢ ጭቃ በጭቃ አደረገው። አባዬ ተቆጥቶ፣ «ይህን ውሻ ለሚወስደው እሰጠዋለሁ!» አለ። በዚያው ሰሞን እማዬ እንሰት እየፋቀች ለጉራጌዋ ጎረቤታችን፣ «ከጨለለቅቱ ሰዎች ይመጣሉ፤ ሊወስዱት ነው» ስትል ሰማሁ። እማዬ አፏን የፈታችው በጌዴኦኛ ነው፤ አማርኛ ላይ እሱና እሷ ይምታቱባታል፤ እኔን ሴት ልጇንም «ና፣ ብላ» ነበር የምትለኝ። ይህን እያወቅሁ ያን ቀን ግን ትዝ አላለኝም። «ልቡ ደግ ነው፣ እዚያም ይለምዳል» ብላ እንባዋን በክንዷ ስትጠርግ፣ ለውሻ እንዲህ ይለቀሳል እንዴ ብዬ ግራ ገባኝ።

ቡናው መቅላት ሲጀምር ሽማግሌዎች መጡ። ውሻውን እየጎተትኩ ወስጄ እንሰቱ መሃል አሰርኩትና አፉን በነጠላዬ ይዤ ተሸሸግሁ። እነሱ ደጅ ቆመው ከአባዬ ጋር እስከ ሰባት ቤት ዘር ሲቆጥሩ፣ የውሻ ዘር ምን ያደርግላቸዋል እያልኩ ስደናገር፣ አባዬ ድምፁን ከፍ አድርጎ፣ «እንግዲህ በቃ! ሰጥተናል!» አለ።

መጥራቱ ነው! ውሻው ገመዱን በጥሶ በረረና ዋናው ሽማግሌ ደረት ላይ ወጣ፣ ኮፍያቸውም ጭቃ ውስጥ ገባ። እኔም ተከትዬ እየሮጥኩ፣ «አትውሰዱት! እኛ ጋ ነው የሚተኛው!» ብዬ ጮኽሁ።

ሽማግሌው ኮፍያቸውን እያራገፉ፣ «ኧረ ልጄ፣ እኛ ሙሽራ ልንጠይቅ ነው የመጣነው፤ ይሄንንማ በምራቂም አንወስድ!» አሉ። ሰው ሁሉ ሳቀ፣ አባዬም ሳቀና ውሻው እንደማይሄድ ቃል ገባልኝ። ጥሩነሽ በር ላይ ቆማ አፏን በነጠላዋ ሸፍና ነበር፤ ትሳቅ ታልቅስ አላወቅሁም። እኔ ውሻዬ ተርፎልኝ የምሆነውን አጥቼ ነበርና ሙሽራዋ ማን እንደሆነች እንኳ አልጠየቅሁም።

ቡናው ተለቅሞ ካለቀ በኋላ፣ ጥር ላይ፣ ጥሩነሽን በጭነት መኪና ጋቢና አስቀምጠው ሄዱ። ውሻው መኪናውን ተከትሎ ሮጦ፣ ሲመሽ ምላሱን አንጠልጥሎ ተመለሰና መደቡ ላይ ወጥቶ እሷ የምትተኛበትን ቦታ አሸተተ፣ ከዚያም እኔን አየኝ። እኔም አየሁት። አልተወሰደም፤ ታዲያ ለምን አለቅሳለሁ? ያኔ እማዬ ከደጅ ሆና ለብቻዋ፣ «ወሰዱት» አለች። ማንን እንደሆነ ገባኝ።

ዛሬ የልጅ ልጆቼ አማርኛውን አቀላጥፈው ሲናገሩ እሱና እሷ አይምታቱባቸውም፤ ማን እንደሄደ፣ ማን እንደቀረ ወዲያው ይለያል። ውሻቸውም ጨዋ ነው፣ ተቀመጥ ሲሉት ይቀመጣል። አንዳንዴ ዝናብ ሲያባራ ሰው እንዳያየኝ ጠጋ ብዬ በቀስታ «በቃ» እለዋለሁ። ዝም ብሎ ያየኛል።