አክሲዮናችንን ፈልገው ያገኙልን መምህር ደበላ

በአምቦ ለረጅም ዘመን የሒሳብ አያያዝ ያስተማሩት መምህር ደበላ ከዚህ ዓለም በሞት ተለይተዋል። ይህን የምጽፍላችሁ ተማሪያቸው፣ በኋላም የሥራ ባልደረባቸው የነበርኩት ታደሰ ነኝ። ለቀብራቸው ከጉደር፣ ከእንጭኒና ከእጃጂ የመጣው ሁሉ «የእኔ ሰው ነበሩ» እያለ ሲያለቅስ፣ እውነቱን ልናገርና፣ ቀናሁ። የእኔ ሰው ነበሩ እንጂ።

ነገሩ የጀመረው በአክሲዮን ነው። ብዙዎቻችን ከአንድ አክሲዮን ማኅበር ድርሻ ስንገዛ ሞባይል ያለው ሰው ስላልነበረ፣ ሁላችንም አድራሻ ብለን ያስመዘገብነው የሐጂ ከማልን ሱቅ የመስመር ስልክ ነበር። ሱቁ ለመንገድ ሥራ ሲፈርስ ስልኩም አብሮ ቀረ። ማኅበሩም ቢሮ ቀየረ። እኛ ከሰረ ብለን ተውነው፤ እነሱም እኛን የት ያግኙን። መምህር ደበላ ግን ጡረታ እንደወጡ አዲስ አበባ እየተመላለሱ አዲሱን ቢሮ አገኙት። የየዓመቱ የትርፍ ድርሻችን ተቀምጦ ይጠብቀን ነበር።

ከዚያ ወዲህ ግቢያቸው ሰው ተለይቶት አያውቅም። የሁሉም ጥያቄ አንድ ነው፤ የትርፍ ድርሻውን ግብር አስቆርጦ መውሰድ ይሻላል ወይስ ግብር ሳይነካው ካፒታሉ ላይ ማስጨመር? እርሳቸው ግን መልስ አያስቀድሙም። «ብሩን ለጊዜው ይተዉትና ቤትዎ ምን እንደጎደለ ይንገሩኝ» ይላሉ። ሐጂ ከማል ምንም እንዳልጎደላቸው ሲናገሩ ካፒታሉ ላይ እንዲያስጨምሩ መከሯቸው። የጉደሯ አዴ ጫልቱም ግብሩን ፈርተው እንደዚያው ሊያደርጉ ነበር። ልጃቸው የኮሌጅ ክፍያ አጥቶ ቤት መዋሉን ሲሰሙ፣ መምህር «ግብር ለማዳን ብሎ ልጅን ቤት ማስቀመጥ ምን የሚሉት ትርፍ ነው?» አሏቸው። ገንዘቡን እንዲያወጡም ራሳቸው አብረዋቸው አዲስ አበባ ሄዱ። ያን ቀን ከእኔ ጋር ምሳ ልንበላ ተቀጣጥረን ነበር።

የእኔን ጉዳይ ሳነሳማ «ያንተ ይደርሳል፤ ቁጭ በል» ነው መልሱ። ከአጠገባቸው ባለችው ወንበር ላይ ተቀምጬ፣ ሌላው ሲስተናገድ እያየሁ እበግን ነበር። የአዴ ጫልቱን ልጅ የፈተና ውጤት እንኳ ከእኔ ቀድመው ያውቁ ነበር።

ሕመሙ ሲጠናባቸው የማኅበሩ ጠቅላላ ጉባኤ ደረሰ። ሁልጊዜ እኛን ወክለው የሚሄዱት እርሳቸው ስለነበሩ፣ በቦታቸው እኔን እንደሚልኩኝ አልተጠራጠርኩም። የመረጡት ግን የእጃጂውን ነጋዴ ገመቹን ነው። ደሜ ፈላ። አልጋቸው አጠገብ ቆሜ «ጋሼ፣ እኔ ምን አጠፋሁ?» አልኳቸው።

«ገመቹ ይሂድ» አሉ። «አንተ ከሄድክ እዚህች ወንበር ላይ ማን ይቀመጥልኛል?»

ጉባኤው በተካሄደበት ቀን ከጠዋት እስከ ማታ እዚያችው ወንበር ላይ ዋልኩ። ብዙም አላወራን። ጉባኤው ምን እንደወሰነ አንድ ጊዜ እንኳ አልጠየቁም። ከዚያ በኋላ ብዙ አልቆዩም። ገመቹ ዛሬም «መምህር አምነው የላኩት እኔን ነው» እያለ ያወራል። እኔን ለምን እንዳስቀሩኝ አውቃለሁ፤ ያም ሆኖ በሰማሁት ቁጥር ያንገበግበኛል።

ጋሼ፣ የሁሉንም ጉዳይ ጨርሰው የእኔን ሳይነግሩኝ ሄዱ። ድርሻዬን ካፒታሉ ላይ ላስጨምር ወይስ ልውሰደው፣ እስካሁን አላወቅሁም። ቤትህ ምን ጎደለ ቢሉኝ ግን ዛሬ መልስ አለኝ፤ እርስዎ ጎደሉ። በሰላም ይረፉ። እዚያም ቢሆን ሰው ይከብዎታል፣ አውቅዎታለሁ። ሁሉንም ያስተናግዱ፣ እኔ የመጨረሻው ልሁን፤ ከአጠገብዎ ያለችውን ወንበር ብቻ ለማንም እንዳይሰጡብኝ።