ለሽማግሌዎቼ ሳስተረጉም

ሽማግሌ ሲላክ ልጅቱ ጓዳ ትደበቃለች፤ ወጉ ነው። እኔም አምቦ ቤታችን ድረስ ሽማግሌ የተላከብኝ ቀን ጓዳ ገብቼ ነበር። ችግሩ፣ አባቴና እናቴ መስማት አይችሉም። ከወሎ መጥተው አምቦ የልብስ ስፌት የከፈቱ፣ በእጃቸው የሚያወሩ ሰዎች ናቸው። አማርኛውንም ኦሮምኛውንም ወደ እጅ የማዞርላቸው አንድያ ልጃቸው ነኝ።

ሽማግሌዎቹ ከደንዲ ነው የመጡት፤ ንግግራቸው በኦሮምኛ ነው። አባቴ እንግዳ አክባሪ ነውና ለተናገሩት ሁሉ በፈገግታ ራሱን ይነቀንቃል። ትልቁ ሽማግሌ "ልጅዎን ለልጃችን ፈልገን ነው" ሲሉም ነቀነቀ። አለመስማቱን ያላወቁት ሰዎች ደነገጡ! እንዲህ ባንዴ የምትሰጥ ልጅ ምን ጉድ ቢኖርባት ነው በሚል ዓይን ሲተያዩ በበሩ ስንጥቅ አየኋቸው። እናቴም ነገሩ አላማራትም፤ መጥታ በክንዴ ጎትታ መሃል አቆመችኝ።

ወይ ጉድ! መሬት ተሰንጥቃ ብትውጠኝ በወደድኩ። ትልቁ ሽማግሌ ጨዋነቴን፣ መልኬን፣ ሙያዬን ደረደሩት። እኔ በእጄ "ጥሩ ናት ይላሉ" ብዬ ላልፍ ስል አባቴ "ይህን ሁሉ አፋቸውን ያንቀሳቀሱት ለዚህች ነው?" አለኝ። ፊቴ እየነደደ ራሴን ማሞገስ ጀመርኩ። እናቴ ዓይኗን አጥብባ በእጇ "ለራሷ ስትቆርስ አታሳንስም" አለች።

ሳቄ መጣ፤ ፍርሃቴ ግን አልለቀቀኝም። ልጁን እወደዋለሁ፤ አባቴ እምቢ ካለ አለቀልኝ።

አባቴ እጁን አነሳ። "እሷን ከወሰዱ እኛን ከሰው ጋር ማን ያነጋግረናል?"

ይህን በኦሮምኛ ልናገር አፌን ከፈትኩ፤ እንባዬ ቀደመኝ። እንደምንም ተናገርኩት። ትልቁ ሽማግሌ "ዱጋ ኬሳን፣ ኦቦ" አሉ፤ እውነትዎን ነው ማለታቸው ነው።

ይህንንም በእጄ ስነግረው አባቴ "ልጁ ራሱ ይምጣ፤ በገዛ እጁ ይጠይቀኝ። አንቺ የለሽበትም" አለኝ።

ልጁ እዚያው ደንዲ፣ ጊንጪ ከተማ ባለው የእህል መደብሩ ተቀምጦ፣ ክረምቱን ሙሉ ከስልኩ ላይ የምልክት ቋንቋ ሲማር ከረመ። ገበያተኛው "ምን ነክቶት ነው ብቻውን እጁን የሚያወናጭፈው?" እያለ ያዝንለት ነበር አሉ።

መስከረም ላይ መጣ። እኔ በወጉ ጓዳ ገባሁ፤ እናቴ የበሩን ስንጥቅ በጨርቅ ወተፈችው። ጆሮዬን በሩ ላይ ለጠፍኩ። ምን ልሰማ! በእጅ የሚወራን ወሬ ጆሮ ከየት ያገኘዋል? በዚያ ቤት እንግዳ ገብቶ እኔ ሳላስተረጉም ሲጨዋወት ያ የመጀመሪያው ነበር። አንዴ ብቻ የአባቴ ሳቅ ጣራውን አናጋው፤ ልቤ ቦታው ተመለሰ።

ተጋባን። ያን ቀን ምን እንደተባባሉ ግን ሁለቱም እስከ ዛሬ አልነገሩኝም፤ እኔም እየተቃጠልኩ ደስ ይለኛል።