የመጀመሪያው ፊርማ

ሓዝሓዝ ሰፈር ሳስተምር እንደ መምህራን ማኅበራችን የሚያበሽቀኝ ነገር አልነበረም። ስብሰባ ሲጠራ ገና ራሴን ያመኛል። ሁለተኛ ዓመቴን እንኳ ሳልጨርስ «አማርኛሽ ይሻላል» ብለው ጸሐፊ አድርገውኝ ነበርና መቅረትም አልችልም።

በዚያ ዓመት ተቆጣጣሪ መጣ። ትምህርቱ ከትግርኛ ወደ አማርኛ ዞሮ ስለነበር፣ ሃያ ዓመት ሒሳብ ያስተማሩትን አዛውንት መምህር በአማርኛ ጠየቃቸው። መልሱን እያወቁት ቋንቋው አንደበታቸውን ያዘው። ሰርተፊኬት የላቸውም፣ አማርኛቸውም ደካማ ነው ተባለና ከክፍል ወጥተው የትምህርት ቤቱን ግምጃ ቤት እንዲጠብቁ ታሰበ። ማኅበሩ ሳምንቱ ሳያልቅ ተቃውሞ ካላቀረበ ነገሩ ይጸድቃል። እኔን ማካፈል ያስተማሩኝ እሳቸው ናቸው።

ቅዳሜ ጧት ተሰበሰብን። ደብዳቤውን በግማሽ ሰዓት ጻፍኩት፤ ሁሉም ወደደው። መፈረም ብቻ ሲቀር ጉድ ፈላ። ከላይ የሚፈርመው ማን ነው? ነባሮቹ «በአገልግሎት ዘመን» አሉ፤ ከማሠልጠኛ የወጣነው «በትምህርት ደረጃ» አልን። እኔም አልኩ፣ ምን ይዋሻል! ልምድ ይበልጣል ወይስ ሰርተፊኬት እያልን ሁለት ሰዓት ስንጨቃጨቅ፣ አዛውንቱ ጥግ ተቀምጠው ሻሂያቸውን ያማስላሉ። «የተማረ ይግደለኝ» ያለ ሰው የእኛን ስብሰባ አላየም።

በመጨረሻ ነባሮቹ አሸነፉ። ሊቀ መንበሩ ብዕሩን አነሣና ቆም አለ።

«ግን ከላይ የፈረመውን አድመኛ ይሉት የለ?»

ከዚያ በኋላ የወረደው ትሕትና፣ አያድርስ ነው!

«ንስኹም ቅደሙ መምህር፣ እርስዎ ታላቅ ነዎት» አልነው እኛ ወጣቶቹ ሊቀ መንበሩን።

«ኣይፋልን! ሰርተፊኬት ያላችሁ ቅደሙ፣ ዘመኑ የእናንተ ነው» አሉ ነባሮቹ።

ብዕሩ ጠረጴዛውን ዞሮ ተመለሰ። በእኔም እጅ አልፏል፤ ለጎረቤቴ አቀበልኩት። «ሰኞ እንጨርሰዋለን» ተባለ። አዛውንቱ ተነሡና «የቐንየለይ ደቀይ፣ ደከማችሁ» ብለው አመስግነውን ወጡ። ያ ምስጋና እስከ ዛሬ ያንገበግበኛል።

ሰኞ ትእዛዙ ቀድሞን ተለጥፎ አገኘነው። እሳቸው ግምጃ ቤት ገቡ፤ ክፍላቸው «ሰርተፊኬት አላት» ተብሎ ለእኔ ተሰጠ። እምቢ ማለት ይቻል ነበር። አላልኩም።

በመጀመሪያው ቀን ክፍሉ ሙሉ ልጅ ባንድ አፍ ጮኸብኝ። ለመንኩ፣ ተቆጣሁ፣ ጠረጴዛውን በማስመሪያ ደበደብኩ፣ ማሠልጠኛ የተማርኩትን ሁሉ ሞከርኩ። ግምጃ ቤቱ ከጎናችን ነበርና፣ ድንገት ግድግዳው ከወዲያ በኩል ቀስ ብሎ ሁለት ጊዜ ተንኳኳ።

ክፍሉ ጸጥ አለ። ልጆቹ እጃቸውን አጣጥፈው ተቀመጡ፤ የሚያዩት ግን እኔን ሳይሆን ግድግዳውን ነበር።