ከማዕድ የለየሁት ሰው

የያዙኝ ከትምህርት ቤቱ በር ላይ ነው። እጄ ላይ የዘጠነኛ ክፍል የሒሳብ ፈተና ነበር፤ ግማሹን አርሜዋለሁ፣ ግማሹ ይቀረኛል። ሁለቱ ፖሊሶች ወረቀቱን ለዘበኛው እንዳስረክብ ፈቀዱልኝ። ለዚህ እስከ ዛሬ አመሰግናቸዋለሁ፤ ሌላ የማመሰግናቸው ነገር የለኝም።

ያስገቡኝ እዚሁ ደብረ ታቦር፣ ቀድሞ የማዳበሪያ መጋዘን የነበረ ቤት ውስጥ ነው። ማዳበሪያው ከወጣ ቢቆይም ሽታው አልወጣም፤ ዓይን ያቃጥላል። ወለሉ ሲሚንቶ፣ ጣሪያው ቆርቆሮ ነው። የጉና ተራራ ብርድ በግድግዳውና በጣሪያው መካከል ባለው ክፍተት እየገባ አናታችን ላይ ይወርዳል። በሩ አጠገብ ለሽንት የተቀመጠ ባልዲ አለ። አዲስ ገቢ እዚያ ይተኛል፣ ሌላ አዲስ ሲመጣ ወደ ውስጥ ይገፋል። ሠላሳ ሰዎች ነበርን።

በሳምንቴ የክፍሉ ኮሚቴ ሰብሳቢ አደረጉኝ። ድምፄ ጎላ ስለሚል ይመስለኛል። ሥራዬ የመኝታ ቦታ መደልደል፣ የባልዲውን ተራ መያዝ፣ ከሁሉ በላይ ግን ማዕዱን ማስተካከል ነበር። የሚሰጠን ጠዋት አንድ ዳቦ ብቻ ነው። ከቤተሰብ የሚመጣው ምግብ ሁሉ አንድ ላይ ይዘረጋና ስንቅ የሚመጣለትም የማይመጣለትም እኩል ይበላል። ይህ ባይሆን ከገጠር የመጣ ሰው ምን ይውጠዋል?

ሠላሳ አንደኛ ሆነው ዳኛው የመጡት ከእኔ አሥር ቀን በኋላ ነው። ሙሉ ልብስ የለበሱ፣ ፀጉራቸው የነጣ ሰው ናቸው፤ ክራቫታቸውንና የጫማ ክራቸውን በር ላይ ተቀብለዋቸዋል። "እንደምን ዋላችሁ" ብለው ባልዲው አጠገብ ካርቶን አነጠፉ። ቦታ ልንለቅላቸው ስንነሳ፣ ተራዬ ሲደርስ እገባለሁ ብለው እምቢ አሉ።

ከኮሚቴው አባላት አንዱ የሆነው የአንበሳሜ ነጋዴ አወቃቸው። ከሠላሳ ዓመት በላይ ያስቻሉ፣ የይግባኝ ችሎት ሰብሳቢ ዳኛ ናቸው፤ አትፍቀዱ የተባሉትን ዋስትና ፈቅደው ነው የታሰሩት አለን። ነጋዴው ራሱ አንድ ጊዜ እሳቸው ፊት ቀርቦ ተረትቷል።

"ፈርደውብኛል" አለኝ። "ግን ሰምተውኛል።"

ያኔ አልገባኝም። የተረታ ሰው ዳኛውን ሲያመሰግን ሰምቼ አላውቅም ነበር።

ዳኛው ዝምተኛ አይደሉም፣ ብዙም አያወሩም። ብንወተውታቸው የወጣትነታቸውን ነገሩን። ወረዳ ላይ ዳኛ ሳሉ የአንዲት ባሏ የሞተባትን ሴት የድንበር ክርክር መሬቱን ሳያዩ ፈረዱባት። የገበያ ቀን ነበር፣ ባለጉዳይ በዝቶባቸዋል፣ መሬቱም የግማሽ ቀን የበቅሎ መንገድ ነው። ይግባኝ ሰሚው ፍርዳቸውን ሻረው። የተሻረበትን ውሳኔ ግልባጭ ከሹመት ደብዳቤያቸው ጋር አስቀምጠውት እስከ ታሰሩበት ቀን መሳቢያቸው ውስጥ ነበር። እኔ የተሳሳትኩትን ፈተና እንዲህ ባስቀምጥ ቤቴ አይበቃኝም ብዬ ቀለድኩ፤ ሳቁ።

በገቡ በሳምንታቸው ተቀድዶ በተዘረጋ የብስኩት ካርቶን ላይ አቤቱታ መጻፍ ጀመሩ። ያለ ክስ የታሰርን ሰዎች ፍርድ ቤት እንድንቀርብ የሚጠይቅ ነው። የሠላሳ አንዳችንን ስም፣ የተያዝንበትን ቀንና ቦታ በእርሳስ በደቃቁ ጻፉ። እያንዳንዱን ሰው ጠርተው እየጠየቁ ነው የሚጽፉት፤ የቀበሌውን ስም በትክክል ሳይሰሙ አያልፉም። አልቆ ጠበቃቸው እስኪመጣ ድረስ ወሬው ከክፍሉ እንዳይወጣ አደራ አሉን።

ማክሰኞ ጠዋት ከጉና ግርጌ የመጣው ድንች አምራች ብቻውን ተጠርቶ ወጣ። ዓይኑ ቀልቶ ተመለሰና ጋቢውን ተከናንቦ ተቀመጠ። ሰዓት ሳይሞላ ፖሊሶች ገቡ። ማንንም አልፈተሹም። ቀጥ ብለው ወደ ዳኛው መኝታ ሄዱና ካርቶኑን ይዘው ወጡ።

ክፍሉ ነደደ፤ እኔ ከሁሉም ባስኩ። ሰውየውን አቁሜ "አንተ ነህ የነገርካቸው?" አልኩት። ዝም አለ። "ለምን ተጠራህ?" ዝም። ዝምታው ለእኔ በቂ ነበር። ከማዕድ ይለይ፣ ባልዲው አጠገብ ይተኛ፣ አብሮት የበላም እንደ እሱ ይቆጠር ብዬ ፈረድኩ። ነጋዴው ብቻ አጉረመረመ፦ "በፍርድ ከሄደች በቅሎዬ፣ ያለፍርድ የሄደች ጭብጦዬ ይላል ያገሬ ሰው።" ተረትህን ለገበያ ብዬ አፉን አስያዝኩት።

ምሳ ሲዘረጋ ዳኛው አልቀረቡም።

"መምህር፣ ይግባኝ አለኝ" አሉ።

የተፈረደበት እሱ ነው እንጂ አንቱ አይደሉም አልኳቸው።

"ይግባኝ ማለት እንደሚችል ማንም አልነገረውም። ይህን መንገር የፈረደው ሰው ግዴታ ነው።"

እንግዲያው ራስዎ ይዩት ብላቸው ራሳቸውን ነቀነቁ። ካርቶኑ የእሳቸው ነው፤ የተበደለ ሰው ችሎት ላይ አይቀመጥም አሉ። የፈረድከው አንተ ነህ፣ መልሰህ ስማው አሉኝ። ነገ እናያለን አልኩ፤ እልኸኛ ነኝ። እንዲያውስ ኑ ብሉ አልኳቸው።

"ፍርድህ እስኪሻር ድረስ ይከበራል" አሉ። "ስለዚህ ከእሱ ጋር አልበላም። ከእናንተም ጋር አልበላም።"

ማታም አልበሉም። በማግስቱ የጠዋቷን ዳቦ እንኳ ሳይነኳት መለሱልኝ። እሳቸው እንዲያ ተቀምጠው እያየሁ እኔም የቆረስኩትን ዳቦ መልሼ አስቀመጥኩት። እኩለ ቀን ሲሆን ተሸነፍኩ።

ሰውየው እንዲቀመጥ፣ ጨርሶ እስኪናገር ማንም እንዳያቋርጠው ዳኛው ጠየቁ። ሲጠይቁኝ ግን ብድግ ብለው፣ ኮታቸውን ቆልፈው ነው። ሠላሳ ዓመት ሰው ሲነሳላቸው የኖሩ ዳኛ፣ ክር በሌለው ጫማ፣ ለአንድ ለሚቆጣ የሒሳብ አስተማሪ ቆሙ። ሰብሳቢነቴ እንደዚያን ዕለት ከብዶኝ አያውቅም።

የጉናው ሰው ድምፁን ዝቅ አድርጎ ተናገረ።

"የተጠራሁት ለመርዶ ነው። አባቴ አርፏል። የነገረኝ ፖሊስ ያገሬ ሰው ነው፤ አለቆቹ ከሰሙ እኔንም ያስሩኛል፣ አደራ አትናገር ቢለኝ ማልኩለት። አሁንም ባልተናገርኩ ነበር። እኒህ አባት ስለኔ ጦማቸውን ሲውሉ ማየት አቃተኝ።"

በአገራችን ለቅሶ ቤት ጎረቤት ነው እህል ይዞ የሚመጣው። ሐዘንተኛ እምቢ ቢል እንኳ በግድ ይጎርሳል። እኔ ደግሞ አባቱ የሞተበትን ሰው ከባልዲ አጠገብ አስቀምጬ እህል ነስቼዋለሁ። አፈርኩ። ወለሉ ቢከፈትልኝ እገባ ነበር።

ዳኛው እንደገና ተነሱ። ይህ ነገር ከዚህ በር እንዳይወጣ ክፍሉን ለመኑ። ቀጥለው፦

"ችሎቱ ከፈቀደልኝ አንድ ጥያቄ አለኝ። ካርቶኑ መኖሩን ከዚህ ክፍል ውጪ የሚያውቅ ሰው ነበር?"

የጠየቁት ሁሉንም ነው፤ እኔን አላዩኝም። ሁሉም አይ፣ አይ አለ። እኔ ግን የላክሁት ወረቀት ትዝ አለኝ። ሰኞ ዕለት፣ ጠበቃ ፈጥና እንድታዘጋጅ ብዬ፣ አቤቱታ በዳኛው እየተጻፈ መሆኑን የሚናገር ቁራጭ ወረቀት በባዶው የምሳ ዕቃ ክዳን ውስጥ ለባለቤቴ ልኬያለሁ። ከደረሳት እንጀራው ላይ ቃሪያ ልታስቀምጥልኝ ቀድሞ ተነጋግረናል። ማክሰኞ ቃሪያ አልነበረም። ረቡዕ ጠዋት የገባው ስንቅ ላይም የለም። ረስታው ነው ብዬ በሆዴ ስነጫነጭባት ነበር። ወረቀቱ በር ላይ እንደተያዘ አንዴም አላሰብኩም።

ወረቀት መላኬን የሚያውቅ ሰው አልነበረም። ሰውየውን ነፃ ብዬ ማሰናበት፣ የእኔን ደግሞ ዋጥ ማድረግ እችል ነበር። ይህን አሰብኩት፤ አላሰብኩም ብል እዋሻለሁ። ግን ዳኛው አሁንም ቆመው መልስ ይጠብቃሉ።

"እኔ ነኝ" አልኩ። ሁሉንም ነገርኳቸው።

ነጋዴው ፊቱን በእጁ ሸፈነ። ዳኛው ተቀመጡ። ፍርዱ ተሽሯል አልኩ፤ ድምፄ ያን ቀን አልጎላም። በእሱ ላይ የፈረድኩት ደግሞ በራሴ ላይ ይፈጸም ብዬ ካርቶኔን ጠቅልዬ ወደ ባልዲው ሄድኩ።

ምሳው ተዘረጋ። የጉናው ሰው እጁን ታጥቦ ቀረበ እንጂ አልቆረሰም። ወደ እኔ ዞረ።

"መምህር፣ ኑ ይቅረቡ። ከሰው ተጣልቼ ለአባቴ ለቅሶ አልቀመጥም።"

ተነሳሁ። የመጀመሪያውን ጉርሻ እኔ አጎረስኩት፤ እንደ ለቅሶ ቤት ወግ፣ በግድ። ዳኛው ከዳር ቆረሱ። በማግስቱ የሠላሳ አንዳችንን ስም ከነቀበሌው በቃላቸው እያስታወሱ ሌላ ካርቶን ላይ ጻፉት።

ከወጣሁ ቆይቻለሁ። ዳኛውም ተፈተው ጡረታ መውጣታቸውን ሰምቻለሁ። ስለ እስር ቤት የሚጠይቁኝ ሰዎች ዱላውን እንድነግራቸው ይጠብቃሉ፤ ዱላም ነበር። እኔን ግን ዛሬም የሚገርመኝ፣ ቤት ስገባ ለልጆቼ ደጋግሜ የምነግራቸው፣ እኒያ ሰው ኮታቸውን ቆልፈው ፊቴ የቆሙበት ቀን ነው። በሕይወቴ አንድ ጊዜ ዳኛ ሆኜ አንድ ፍርድ ሰጠሁ። ይግባኝ ተባለብኝና ተሻረ። እግዚአብሔር ይመስገን።