ብቻውን ይነሳል ወይ?

ያን ቀን ሳስበው አሁንም ደሜ ይፈላል። እናት ልጇን ከማክበሯ ብዛት ልትቀብረው ትችላለች ቢሉኝ ድሮ እስቅ ነበር።

ከሞጆ ጅቡቲ የጭነት መኪና እነዳ ነበር። መጀመሪያ የከዳኝ ጭኔ ነው። ጋቢና ለመግባት እጀታውን ይዤ እንጠለጠላለሁ እንጂ እግሬ አይገፋኝም። ቀጥሎ ክንዴ ሄደ፤ መሪ መጠምዘዝ ቀርቶ ጸጉሬን ማበጠር አቃተኝ። አዳማ ያለችው ሐኪሜ በመጨረሻ ደረሰችበት፤ ከበሽታ ሊጠብቀኝ የሚገባው የሰውነቴ መከላከያ ዞሮ የገዛ ጡንቻዬን እያጠቃ ነው አለችኝ። የሰጠችኝ ኪኒንም ፊቴን አሳበጠው እንጂ እግሬን አልመለሰልኝም።

እሷ ውጭ አገር ስትማር አብራት የተማረች የውጭ አገር ሐኪም እዚያው አዲስ ሕክምና እየሞከረች ነበር። ከበሽተኛው ደም ሕዋሳት ይወስዱና ጡንቻ የሚያጠቁትን ጥፋተኞች ለይተው እንዲያጠፉ ላቦራቶሪ ውስጥ ለውጠው መልሰው ይሰጡታል። ሙከራ ነው፤ ሊያድንም ሊጎዳም ይችላል። ሐኪሜ ይህን ሳትደብቅ ነገረችኝ፤ እኔም ሳላመነታ እሺ አልኩ። የሚፈልጉት መድኃኒት አልሠራለት ያለ፣ ጡንቻው በጣም የደከመ ሰው ነው። መጀመሪያ በቪዲዮ ያጣራሉ፤ አብሮኝ የሚኖር ሰውም እንዲመሰክር ጠየቁ።

አብራኝ የምትኖረው እናቴ ናት። ጠዋት ጠዋት ብብቴ ስር ገብታ ከአልጋ የምታነሳኝ፣ ሸሚዜን የምታለብሰኝ እሷ። ከእሷ የተሻለ ምስክር ከየት ይመጣል?

በቀጠሮው ቀን አዲስ ሸሚዝ አለበሰችኝ፤ ታላቅ ወንድሟን፣ አጎቴን፣ ከደራ አስጠራቻቸው። የቤቱ ትልቅ ሰው በሌለበት ከባዕድ ጋር ቁም ነገር አይወራም አለች። ስልኩን ጠረጴዛ ላይ አቆምነው። ስልኩ ውስጥ ከውጭ አገሯ ሐኪም ጎን አስተርጓሚ፣ የአገራችን ልጅ፣ ተቀምጣለች።

«እናት፣ ልጅዎ እንዴት ነው?»

«አልሐምዱሊላህ፣ ደህና ነው።»

«ልብሱን ራሱ ይለብሳል?»

እናቴ አጎቴን ሰረቅ አድርጋ አየቻቸው። «አዎ! ምን ሆኖ!»

«ከወለል ብቻውን ይነሳል ወይ?»

«የኔ ልጅ? አንበሳ ነው እኮ!»

አጎቴ በኩራት ራሳቸውን ነቀነቁ። ጆሮዬን ማመን አቃተኝ። እኛ ዘንድ ሰው ትኩሳት እያንቀጠቀጠውም እንዴት ነህ ሲሉት ደህና ነኝ ይላል። ልጄ አቅም የለውም ብላ በሰው ፊት የምታወራ እናት ደግሞ ልጇን አዋረደች ይባላል። ይሄን ጨዋነታችንን ይዘን ገደል እንግባ! አስተርጓሚዋ ትተረጉማለች፣ ሐኪሟ ትጽፋለች፣ ዕድሌ ዓይኔ እያየ ይሄዳል።

«ውሸት ነው!» ብዬ ጮህኩ። «እማ፣ ስልኩን ወደ ታች አዙሪው!»

«ኧረ በአላህ! አጎትህ ፊት?»

ከወንበሬ ተንሸራትቼ ምንጣፉ ላይ ወረድኩ። ስልኩን ያዞሩት አጎቴ ናቸው። ለመነሳት ታገልኩ፤ በግንባሬ ተደፋሁ። እንደገና ሞከርኩ፤ ያው ነው። አጎቴ ፊታቸውን ወደ ግድግዳው መለሱ። እናቴ ማየት አልቻለችም፤ ሮጣ መጥታ ብብቴ ስር ገባችና ጉልበቷን ወገቤ ላይ አስደግፋ ብድግ አደረገችኝ። እጇ ሥራውን መልመዱን ያየ ሁሉ ያውቃል።

«እናት፣ ሁልጊዜ እንዲህ ነው የሚያነሱት?» አለች አስተርጓሚዋ ቀስ ብላ።

«ኧረ ዛሬ ገና ነው። ትንሽ ደክሞት።»

ፈነዳሁ። «አንድ ጊዜ እንኳ እውነቱን ተናገሪ! አይችልም በያቸው! ልታስቀሪኝ ነው?»

እናቴ አልለቀቀችኝም። ትንፋሿ አንገቴ ላይ ይሰማኛል።

«አይችልም» አለች ለስልኩ። «ልጄ አይችልም። የማጎርሰውም እኔ ነኝ።»

ሐኪሟ ከአስተርጓሚዋ ጋር ተነጋገረች። ለሚቀጥለው ምርመራ ማለፌን ነገሩን። አጎቴ እንኳን ደስ አለህ ሊሉኝ ዞረው ነበር፤ የእህታቸውን ፊት ሲያዩ ተዉት።

ስልኩ ሲዘጋ እናቴ ወንበሩ ላይ መለሰችኝ፤ የተጨማደደውን ሸሚዜን በእጇ አቃናችው። ቀና ብላ አላየችኝም።

«አሁን ደስ አለህ?» አለችኝ።